ዘይቱን ሙላልኝ

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ላይ፣ ዘሃራ የምትባል ፈሪ እናት ነበረች። ፈሪ ስላት እንዳትስቁባት! ባሏን ያሳፈረው ሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ቁልቁለት ገደል ገብቶ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ ጡሩምባ በሰማች ቁጥር ከመንገድ ሸሽታ አጥር ትታከካለች። አሁን ደግሞ ብቸኛ ልጇ ራዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት፣ መንጃ ፈቃድም አወጣች። ኮሌጅ የደረሳት የት መሰላችሁ? ኮምቦልቻ! በየቀኑ በዚያው ቁልቁለት!

«ሚኒባስማ አትሳፈሪም» አለች ዘሃራ። ስለዚህ አራት ዓመት ጓሮ ቆማ ዶሮ ሲፈለፈልባት የኖረችው የአባትየው አሮጌ የመስክ መኪና ትጠገን ተባለ። ቁልፉን ግን ዘሃራ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። ለልምምድ ትሰጣለች፣ መልሳ ትቀበላለች። «ልቤ ሲያምን ጠቅልዬ እሰጣለሁ» አለች።

ሁለቱ የባሏ ወንድሞች ሥራውን ተካፈሉት። ታናሹ ይመር መካኒክ ነው፤ ሞተሩን አውርዶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ የእጅ ፍሬኑን ሽቦ ሳይቀር ቀይሮ በሁለት ወር ነፍስ ዘራባት። ታላቁ ሙሄ ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው፤ ልጅቷን ከጎኗ ተቀምጦ አሠለጠናት።

ጥፋቱ የመጣው ከአንዲት ቃል ነው። አንድ ቀን ይመር የፍሬኑን ዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ከፍቶ ትቶ፣ ከመኪናዋ ሥር እንደተኛ «ጋሽ ሙሄ፣ ዘይቱን ሙላልኝማ!» አለ። የቱን ዘይት? አልተናገረም። ሙሄ ደግሞ የነዳው ሁሉ ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ስለሆነ፣ ለሱ ዘይት ማለት የሞተር ዘይት ነው። አልጠየቀም፤ ክፍት ያገኘው ውስጥ የሞተር ዘይት ገለበጠበት። ያ ዘይት ደግሞ ጎሚኒ የሚሉትን የፍሬኑን ላስቲክ አሳብጦ ያበላሻል።

በሁለተኛው ቀን ራዚያ ሰፈር ውስጥ ስትለማመድ ፍሬኑ እግሯ ሥር እየሰመጠ ሌላ ሆነባት። ብትናገር ቁልፉ መቀነት ገብቶ ላይወጣ ነው። ዋጥ አደረገችው።

የምዝገባው ቀን አራቱም ተነሡ። ራዚያ መሪ ጨብጣለች፣ ሙሄ ከጎኗ ነው፣ ዘሃራና ይመር ከኋላ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ዘሃራ የፊቱን ወንበር ጨበጠች። ዓይኗን ብትጨፍን ባሏ ይመጣባታል፣ ብትገልጥ ገደሉ።

«አብሽሪ እታለም» አላት ይመር።

ሁለተኛውን ጥምዝ እንደጨረሱ ራዚያ «ጋሼ!» አለች። «ጋሼ፣ ፍሬኑ የለም!»

ያ ረቢ! ከፊት ግመሎችና ባለግመሎች መንገዱን ሞልተውታል።

ሙሄ አልደነገጠም። «ፍሪሲዮን ርገጪ!» ብሎ ማርሹን በገዛ እጁ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ መለሰው። ሞተሩ አጓራ፤ ፍጥነቱ ተሰበረ።

ይመር በሁለቱ ወንበሮች መሀል ተወርውሮ የእጅ ፍሬኑን ያዘ። ባንዴ ቢጎትተው ትገለበጣለች፤ ቀስ እያለ ሳበው። በእጁ የቀየረው ሽቦ አልከዳውም።

ግመሎቹ ግን ደረሱ። ራዚያ የማንንም ትእዛዝ አልጠበቀችም፤ ከገደሉ ሸሽታ መኪናዋን ከተራራው ጋር አፋተገቻት። ቆርቆሮው እየተቀደደ፣ መስተዋቱ እየረገፈ ሄዳ ሄዳ ቆመች። አንድ ሰው፣ አንዲት ግመል እንኳ አልተነካም።

ይመር ኮፈኑን ከፍቶ ጣቱን ማጠራቀሚያው ውስጥ ነከረና «የሞተር ዘይት!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ የሞላሁት» አለ ሙሄ። ራዚያም አለቀሰች፤ የደበቀችውን ሁሉ እዚያው መንገድ ዳር ተናገረች።

ዘሃራ ቁልፉን ነቅላ ጨበጠችው።

«ለኔ ስጪኝ» አለ ይመር። «ጎሚኒዋን ሁሉ እቀይራለሁ። ሳልፈትሻት አንድ ቀን ከግቢ አትወጣም።»

«ለኔ ነው እንጂ!» አለ ሙሄ። «እኔው አመላልሳታለሁ። ያ ማርሽ ባይገባ ኖሮ ዛሬ ማን ይተርፍ ነበር?»

ራዚያ እንባዋን ጠረገች። «እማ፣ የደበቅኩሽ ፍርሃትሽን ስለምፈራው ነው። ሁለተኛ አልደብቅሽም።»

ዘሃራ ሦስቱን አየቻቸው። ሦስቱም ሊገድሏት ነበር፤ ሦስቱም አዳኗት።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ። ቃሉን ጎዶሎ ተናግሮ የእጅ ፍሬኑን ለሳበው? ሳይጠይቅ ሞልቶ ማርሹን ለመለሰው? ወይስ እያወቀች ዝም ብላ መሪውን ላዞረችው? እናትየው ራሷ ትያዘው የምትሉ፣ ልጅቷ በምን እንደምትሄድ አብራችሁ ንገሩኝ። ኮሌጁ ሰኞ ይከፈታል፤ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?