አባ አቧራ

ፊታውራሪ እንግዳሸት እንደ ዘመኑ መኳንንት በፈረሳቸው በነበልባል ስም «አባ ነበልባል» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ነበልባል እግሩን ተጎድቶ ለወራት ገብስ እየቆረጠመ አረፈ። ሲድን ጠባቂው ቀስ በቀስ ሊያለማምደው ቢወጣበት፣ ፈረሱ ጀርባውን አጉብጦ እየተራገጠ አሽቀንጥሮ ይጥለው ጀመር። ፈረሱ ማነከሱን ሲተው ጠባቂው ጀመረ።

ፊታውራሪ አይተውት ሳቃቸውን ለቀቁት። «ለመሆኑ አንተስ የፈረስ ስም አለህ?» አሉት።

«እንዴታ ጌታዬ! ሰው የሚጠራው አዘውትሮ በሚቀመጥበት አይደል? እኔ አባ አቧራ ነኝ።»

ስሙን ወደዱለትና ግቢው ሁሉ በዚያ እንዲጠራው አዘዙ።

የጥምቀት ዕለት ፊታውራሪ በሕዝብ ፊት ሊጋልቡ ተነሱ። «ጌታዬ፣ እግሩ ድኗል፤ ጥጋቡ ግን ገና አልበረደም። መጀመሪያ እየሳብኩ ላንሸራሽረው» ቢላቸው፣ «እኔ እንዳንተ መሰልኩህ?» ብለው ወጡበት። ነበልባል አንዴ ዘለለ፣ አንዴ ተራገጠ፤ ፊታውራሪ ከነካባቸው መሬት ላይ ተዘረጉ።

ፊታውራሪ ቀና ሲሉ ጠባቂው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲታገል አዩት።

«አንተ! ምን አየህ? ‹ወደቁ› ብትል ስለ ድፍረትህ ትገረፋለህ፤ ‹አልወደቁም› ብትል ስለ ውሸትህ ትገረፋለህ!»

ጠባቂው እጅ ነሳና የካባቸውን አቧራ እያራገፈ፣ «ኧረ እኔ ስለ መውደቅ ምን አውቄ ጌታዬ! በዚህ ስም ብቻዬን ስጠራ ከርሜ፣ ዛሬ ሞክሼ ባገኝ ደስ ብሎኝ ነው» አላቸው።