ቀሚሱ የሚያድርበት ቤት

አንድ የሐበሻ ቀሚስ የሚያሰፋ ባለሱቅ ነበር፤ ይርዳው ይባላል። ሥራው የተመሰገነ፣ ቀጠሮው ግን የተረገመ ነው። "ለማክሰኞ" ካለ ማክሰኞም ያልፋል፣ ሌላ ማክሰኞም ይመጣል፣ ቀሚሱ ግን የለም። አንድ ጥር ላይ ቀሚሷ ያልደረሰላት ሙሽራ የአክስቷን ልጅ ቀሚስ ተውሳ ተዳረች። እናቷ ሱቁ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ መንገደኛው ሁሉ አየ። ይርዳው ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

"ሰው ቢያንሰኝ ነው" ብሎ ሰፊ ጨመረ። ባሰበት! "ሰነፎች ናቸው" ብሎ ጮኸባቸው። ይሄም አልበጀም፤ የተከመረው ጨርቅ ብቻ ከፍ አለ።

በዓመቱ ጥር ሲቃረብ አያ ደምለው የሚባሉ ገበሬ ለልጃቸው ሰርግ ቀሚስ ሊያዙ መጡ። በአገራቸው የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት ናቸው። ይርዳው አልዋሻቸውም።

"አባቴ፣ ቃል ልገባልዎ ፈራሁ። ለምን እንደሚዘገይ እኔም አላውቀውም።"

"እኛ ዘንድ ማሳው ላይ ውሃ ሲያንስ ምንጩን አንሳደብም" አሉት አያ ደምለው። "ከምንጩ ተነስተን ቦዩን ይዘን እንወርዳለን። የት እንደቆመ፣ የት እንደባከነ በዓይናችን እናያለን። አንተስ ከጨርቁ ጋር ሄደህ ታውቃለህ?"

ሄዶ አያውቅም! ይህን ያህል ዘመን ባለቤት ሆኖ፣ እስቲ ፍረዱት!

ከማግስቱ ጀምሮ ለአያ ደምለው ልጅ ቀሚስ የተመደበውን ሸማ እየተከተለ ዞረ። የሄደበትንም መንገድ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይስል ጀመር፤ እጅ የሠራበትን በመስመር፣ ጨርቁ ዝም ብሎ የተቀመጠበትን በክብ። ቆራጩ ቶሎ ቆረጠ። ጠላፊዋም እጇ ፈጣን ነው። ሰፊዎቹማ ጨርቅ አጥተው ቁጭ ብለው ያወራሉ። ግን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ከማለፉ በፊት ጨርቁ ግቢውን አቋርጦ ወደ ይርዳው አባት ቤት ይሄዳል። ሱቁን ያቋቋሙት አባባ ጎሹ ናቸውና፣ "አባባ ሳያዩት አይታለፍም" የቤቱ ወግ ነው። ጸሎት ላይ ከሆኑ ይጠበቃሉ። ካሸለቡ ማን ደፍሮ ይቀሰቅሳቸዋል? እንግዳ ካለባቸውም ጨርቁ አልጋቸው ጫፍ ላይ ያድራል። ግድግዳው በክብ ተሞላ፤ ያም ሁሉ ክብ የአባባ ቤት ነው።

ይርዳው ጠመኔውን አስቀመጠ። አባት "ይበቃዎታል" ይባላል እንዴ? ሲያመነታ ቀኑ ነጎደ፤ የልጅቱ ሸማም ተጠልፎ አልጋው ጫፍ ላይ ተኝቷል። በመጨረሻ "ሌላ ሙሽራ ከማስለቅስ አባቴ ይቆጣኝ" ብሎ ገባ።

"አባባ፣ አይቀየሙኝና... ጨርቁ እርስዎ ዘንድ እየመጣ ይዘገይብናል።"

"እሰይ!" አሉ አባባ ጎሹ። "ዓይኔ ከደከመ እኮ ቆየ፤ የማየው ጭጋግ ነው። አልፈልግም ብል እንዳትቀየሙኝ ዝም ብዬ እዳብሳለሁ። እንቅልፍ ነሳችሁኝ እኮ!"

"እኛም 'ረሱኝ' እንዳይሉ ብለን ነዋ የምናመጣው!"

አባትና ልጅ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ጣቴ ግን አልደከመም" አሉ አባባ። "ሸማው ከሸማኔ እንደመጣ፣ መቀስ ሳይነካው አንዴ አምጣልኝ። የላላ ክር ካለው ያኔውኑ እነግርሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ይሥሩበት።"

እንዲያው ሆነ። ሠራተኛ አልተባረረ፣ ጩኸትም ቀረ። አያ ደምለው ቀሚሱን ከሰርጉ ቀደም ብለው ተቀብለው፣ መርቀው ሄዱ። ልጃቸውም በራሷ ልክ በተሰፋ ቀሚስ ተዳረች። አባባም አሁን ከምሳ በኋላ እስኪበቃቸው ይተኛሉ።

ወዳጆቼ፣ ሥራ ሲዘገይ ሰው ከመውቀሳችን በፊት ሥራው የሚሄድበትን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በእግራችን እንከተለው። ዕድሜውን የሚጨርሰው በመሠራት ሳይሆን በመጠበቅ ሆኖ እናገኘዋለን። የሚያስጠብቀውም ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም፤ እርስ በርስ የተፈራራንበት ይሉኝታ ነው። በእናንተስ ቤት፣ በእናንተስ መሥሪያ ቤት፣ "ለእገሌ ክብር" እየተባለ የሚደረግ ነገር የለም? እገሌ ይፈልገው እንደሆነስ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?