ዋሻ ያለው ይናገር

አንድ ጊዜ ንጉሥ አንበሳ ሸንጎ አቆመና «ዋሻ ያለው ሁሉ አንድ ድምፅ አለው፤ ለሌለው ባለ ዋሻ ጎረቤቱ ይናገርለታል» ሲል አዋጅ አስነገረ። በአገሩ እንደ አህያ የበዛ አልነበረም፤ አህያ ግን ሜዳ አዳሪ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ጅብ ነበር።

ለሸንጎው የቀረበው የመጀመሪያ ጉዳይ «አህዮች ከወንዙ ዳር መስክ ተነሥተው በጅብ ሸለቆ ይስፈሩ» የሚል ነበር። ዳለቻ የምትባል አህያ ውርንጭላዋን አስጠግታ ከደጅ ታዳምጣለች።

«ስለ አህዮች ማን ይናገራል?» አለ አፈ ንጉሡ ቀበሮ።

«እኔ ነኛ!» አለ ጅብ። «የአህያን ሆድ ዕቃ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ሸንጎው ሳቀ። ዳለቻ «ጃንሆይ፣ አቤት!» ብላ ጮኸች።

«ዋሻ አለሽ?» አላት ቀበሮ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ምን ያስጮህሻል? አያ ጅቦ ተናግሮልሻል።»

ድምፅ የሚሰጠው በማግስቱ ነበር። ዳለቻ በቀጥታ ወደ ጅብ ዋሻ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ከገደል ወድቃ የሞተች በቅሎ አይቻለሁ። ዋሻህን ብትለቅልኝ ቦታውን አሳይሃለሁ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ዋሻ ይበላል እንዴ? ውሰጂው!»

ቀበሮም ከበቅሎዋ አንድ ታፋ ደርሶት እማኝ ሆነ።

በማግስቱ ዳለቻ ባለ ዋሻ ሆና ሸንጎ ገባች። ጅብ ደጅ ቀረ። ቀበሮ ድምፅ ቆጠረ፤ ነብር አንድ፣ ከርከሮ አንድ፣ ተኩላ አንድ፤ ሜዳ ሙሉ አህያም አንድ። ዳለቻ ተሸነፈች። የጎደላት የሸንጎ መቀመጫ መስሏት ነበር፤ ጉድለቱ ግን ከቆጠራው ኖሯል። አልተከራከረችም። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ቢሆንም መንጋዋን አስከትላ ተሻገረች፤ ከአንበሳም ግዛት ወጣች።

ጥቂት ቆይቶ ሸንጎው ተራበ። የተወሰነው ሸለቆ አለ፤ የሚሰፍርበት አህያ ግን የለም።

«እንግዲህ ማን ይበላ?» አለ ንጉሡ።

ዓይን ሁሉ ደጅ ወደቆመው ጅብ ዞረ።

«ስለ ጅብ ማን ይናገራል?» አለ ቀበሮ።

«እኔ! እኔው ራሴ!» አለ ጅብ።

«ዋሻ አለህ?»

ነብር ከንፈሩን ላሰና «ጎረቤቱ ነኝ፤ እኔ እናገርለታለሁ» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ከሸንጎ ለማስቀረት የወጣ ደንብ ቀን ሲገለበጥ ያጨበጨበለትንም ደጅ እንደሚያስቀር ነው።