የሰባተኛዋ ጥንቸል ተራ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ባጠረበት ዓመት፣ የአንበሳን አንድ ልጅ ከባድ ትኩሳት ያዘው። ደቦሉ መብላት አቆመ፤ ውሃ ሲያቀርቡለት እንኳ ፊቱን ያዞራል። አንበሳ ልጁ ሊሞትበት ነው ብሎ ተጨነቀ። ስለዚህ አያ ጅቦ መጥቶ «መድኃኒቱን አውቀዋለሁ» ሲለው ሳያንገራግር አመነው።

«ወንዝ ዳር የሚበቅለው መራራ ቁጥቋጦ ትኩሳት ያበርዳል ይባላል» አለ ጅብ። «ሲበዛ ግን ይገድላል። ለልጅዎ ከመስጠታችን በፊት በሌላ ልሞክረው። ጥንቸል ይታዘዝልኝ፣ ጌታዬ።»

«ስንት?»

«ብዙ ነዋ!» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ሙከራ እኮ ነው፤ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው።»

እኔ ብሆን ያን ምራቅ ሳይ እጠረጥር ነበር። አንበሳ ግን ልቡ ልጁ ጋ ስለነበር ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ሰባት ጥንቸሎች ተይዘው በእሾህ አጥር ውስጥ ታጎሩ። ሣር አልተነጠፈላቸውም፤ የሚጠጡት ውሃ የለም። በየጠዋቱ ጅብ ይመጣና አንዷን በጆሮዋ አንጠልጥሎ ከቋጥኙ ጀርባ ይወስዳታል። የቀሩት ጩኸት ይሰማሉ። ከዚያ ዝም ይላል። የዝምታው ፍርሃት ከጩኸቱ የባሰ ነበር። በስድስተኛው ቀን የሰባተኛዋ ጥንቸል እህት ተወሰደች። ሰባተኛዋ ጥንቸል ብቻዋን ቀረች፤ እህቷ ተኝታበት የነበረው ቦታ ገና ሳይቀዘቅዝ እዚያው ላይ ተኩራምታ ስትንቀጠቀጥ ዋለች። የነገዋ ተረኛ እሷ ናት።

በማግስቱ ጠዋት የጅብ እግር ኮቴ ተሰማ። ጥንቸሏ ዓይኗን ጨፈነች። አጥሩ ሳይከፈት ግን አንበሳ ከእመት ቀበሮ ጋር ደረሰ።

«ልጄ እየደከመ ነው» አለ አንበሳ። «ከስድስቱ ምን አወቅህ?»

«ያው... ሞቱ፣ ጌታዬ።»

«ምን ያህል ሰጥተሃቸው?»

«ሥሩን አንድ አንድ እፍኝ።»

«ከዋጡ በኋላስ?» አለች ቀበሮ። «አንቀጠቀጣቸው? አስተኛቸው? እስኪሞቱ ምን ያህል ቆዩ?»

«እስኪሞቱ ማን ይጠብቃል!» የሚለው ቃል ከጅብ አፍ አመለጠ።

አንበሳ አጉረመረመ። ቀበሮ ግን ፈጥና መሃል ገባች። «አይቆጡት፣ ጌታዬ። ጥፋቱ የጥንቸሎቹ ነው፤ በጣም ትንንሾች ናቸው። ደቦሉን በቁመት በሚስተካከል ቢሞከር ይሻላል። እዚህ ካለነው ደግሞ...» ብላ ጅብን ከእግሩ እስከ ራሱ ለካችው።

ጅብ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እኔ? ኧረ በልጅዎ! እፍኝ እኮ ይገድላል! በቅንጣት ይጀመር! ሆዴን ከቆረጠኝ ወዲያው ይቁም! ውሃና ማረፊያ ይሰጠኝ! ደግሞስ ምን ሙከራ ያስፈልጋል? ድኩላ ሲያተኩሰው የቁጥቋጦውን ቅጠል ይበላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ እሱ ለምን አይጠየቅም?»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ።

«ይህን ታውቅ ነበር?» አለ አንበሳ።

«ያውቅ ነበር፤ ትዝ ያለው ግን ለራሱ ሲፈራ ነው» አለች ቀበሮ።

ድኩላ ተጠርቶ መጣ። «ትኩሳት ሲይዘኝ ሁለት ቅጠል እበላለሁ፤ ይተወኛል» አለ። «ሥሩን ግን ከእኛ ወገን የሚነካው የለም፤ መርዝ ነው። ቀድማችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።»

ድኩላ ግን ትልቅ ነው፤ ትንሽ ገላ ምን ያህል እንደሚችል እሱም አያውቅም። አንበሳ ወደ አጥሩ ዞረ። ጥንቸሏ እሾሁ እስኪወጋት ወደ ኋላ ሸሸች።

«ቅጠሉ የሚሞከረው በአንቺ ብቻ ነው፤ ከአንቺ በኋላ ሌላ አይነካም» አላት። «ጅብ ለራሱ የለመነው ሁሉ ለአንቺ ይደረጋል።»

ቀበሮ ሣር አነጠፈችላት፤ ውሃ አቀረበችላት፤ አጠገቧም ተቀመጠች። የቅጠል ቁራጭ፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ሰጠቻት። ጥንቸሏ ዋጠችና የራሷን ጩኸት መጠበቅ ጀመረች። ከንፈሯ ደነዘዘ፤ እንቅልፍም ወሰዳት። ቀበሮ ትንፋሿን እያዳመጠች ሳትነሳ ዋለች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጥንቸሏ ነቅታ ውሃ ጠጣች። በዚያው ልክ ለደቦሉ በጥቂት በጥቂቱ ሰጡት፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ጅብም ዳግመኛ ወደ አጥሩ እንዳይቀርብ ታዘዘ።

አንበሳ በደስታ ጥንቸሏን አስጠራት። «ምን ላድርግልሽ?»

ጥንቸሏ ግን ራቅ ብላ ቆመች። «ምንም አልፈልግም፣ ጌታዬ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ እህቴ የሞተችው ምን ለማወቅ ነው?»

አንበሳ ጅብን አየው። ጅብ ሆዱን አየ።

ከዚህ የምንማረው በሌላው ገላ ላይ መድኃኒት ከመሞከራችን በፊት ሙከራው የግድ መሆኑን፣ ስንት ነፍስ እንደሚበቃውና ሕመሙ የት ላይ መቆም እንዳለበት፣ ተረኞቹ እኛው ብንሆን በምንፈራው ልክ አስበን ማቀድ እንዳለብን ነው።