ዱቄት የጎረሰችው ጠመንጃ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዙ ወዲህ ባለው ጫካ ፊታውራሪ አንበሳ የሚባሉ የአራዊት ሹም ነበሩ። እኒህ ሹም አንዲት ጠመንጃ ነበረቻቸው። ስትተኮስ ሰባት ተራራ ታስነጥሳለች፤ የጩኸቷ ማሚቶ ሄዶ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ደክሞት ይመለሳል ይባልላት ነበር። ያ ግን ድሮ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳትወለወል ከርማ ሆዷ በጥላሸት ስለተሞላ፣ ጥይቱ ራሱ እያሳለ መውጣት ጀምሯል። ባለፈው ሰሞን ፊታውራሪ ወደ ሰማይ ወደ አሞራ ተኩሰው የገዛ ድንኳናቸውን ካስማ መቱ።

ጠመንጃዋን ለአሥር ዓመት የተሸከመቻትም የወለወለቻትም እመት አህያ ነበረች። አሁን ግን ወገቧ ከዳት። ስለዚህ ፊታውራሪ አራዊቱን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«ጠመንጃዬን ማን ያጸዳልኛል? ቅዳሜ ቀትር ላይ በሁላችሁ ፊት ነጭ ጨርቅ አሳልፍባታለሁ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ ያጸዳት ጠመንጃ ያዤ ይሆናል፤ በግብር ጊዜም ከጎኔ ተቀምጦ ሥጋ ይቆርጣል። ጠቁሮ ከወጣ ግን ወንዙን ተሻግሮ ይሂድልኝ!»

አያ ጅቦ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማው «ሥጋ» የሚለውን ብቻ ነበር። ከኋላ ዘሎ መሐል ገባ።

«እኔ! እኔ አለሁ ፊታውራሪ! እኔ ከወለወልኩት እንኳን ጠመንጃ ድንጋይም ያበራል!»

«ድንጋይ ወልውለህ ታውቃለህ እንዴ?» አለችው ቀበሮ ከጎኑ።

«አንቺ ደግሞ፣ አፍሽን ያዢ!»

በማግስቱ እመት አህያ ዕቃዎቹን ዘረጋችለት። ረጅም የብረት ዘንግ፣ አንድ ቁና ሙሉ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ፣ የፈላ ውሃ፣ በቀንድ የተቀመጠ የበግ ላት ቅባት።

«ስማ አያ ጅቦ። መጀመሪያ ጥይት አለመጉረሷን ታያለህ። ከዚያ የኋላዋን ብረት ታወጣና ዘንጉን ከኋላ ወደ አፈሙዟ ትገፋለህ። ከአፈሙዟ ከጀመርክ ቆሻሻውን መልሰህ ሆዷ ውስጥ መጠቅጠቅ ነው። የባሩዱን ጥላሸት የሚፈታው የፈላ ውሃ ነው። ከውሃው በኋላ እርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ደረቅ። የጠቆረውን ትጥላለህ፣ ሌላ ታመጣለህ። እየሰማኸኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው እትዬ» አለ ጅቦ፣ ዓይኑን ከታፋዋ ላይ ሳይነቅል።

«ጠመንጃዋ እዚህ ናት!»

«አዎ፣ አዎ። ሞላ ያለች ናት።»

እመት አህያ ታፋዋን ወደ ዛፉ አዞረችና ቀጠለች። «ቅባቱ መጨረሻ ላይ ነው፤ እንዳትዝግ ጠብታ ብቻ። አንድ ነገር ግን አደራህን፦ ቱቦዋ ውስጥ ጨርቅም ይሁን ጭቃ፣ ምንም ነገር ትተህ እንዳትተኩስ። ጥይቱ መውጫ ካጣ ብረቱ ይፈነዳል፤ የተኳሹን ጉንጭ ከነመንጋጋው ይዞት ይሄዳል።»

ጅቦ ብቻውን ሲቀር ውሃውን አፈሰሰ፣ ሦስት ጨርቅ ገፋ። ሦስቱም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረው ወጡ። ክንዱ ዛለ። አረፍ ብሎ የቅባቱን ቀንድ አሸተተ። አንድ ጊዜ ላሰው። ሁለተኛውን ሲያስብበት ቀበሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለች።

«አያ ጅቦ፣ የሚቀባው ጠመንጃዋ ናት ወይስ ምላስህ?»

«ጨው እንዳይኖርበት እየቀመስኩ ነው። ጨው ብረት ያዝጋል።»

«ስንት ጨርቅ ይቀርሃል?»

«እንደ አያያዟ ከሆነ ሦስት መቶ።»

«ሞኝ! ፊታውራሪ ያሉት ጨርቁ ነጭ ሆኖ ይውጣ ነው። ቱቦዋ ንጹሕ ትሁን ብለዋል?»

ጅቦ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ፤ አሳቡም ጥቂት አመመው። «አላሉም።»

«እንግዲያው ዱቄት አልብሳት! ከእመት አህያ ስልቻ አንድ እፍኝ የገብስ ዱቄት አመጣልሃለሁ። ቱቦዋ ገና እርጥብ ስለሆነች ይጣበቅላታል፤ በኖራ እንደተለሰነ ግድግዳ ነጭ ብላ ትውላለች። ጨርቁ ነጭ ይገባል፣ ነጭ ይወጣል።»

«አንቺዬ! ይህን ሁሉ ብልሃት ያቺ ትንሽ ጭንቅላት እንዴት ቻለችው?»

«ተቸግራ ነው። ለምክሬ የቅባቱን እኩሌታ።»

ዱቄቱን ቱቦዋ ውስጥ ነፍተው፣ ቅባቱን ተካፍለው ላሱት። በዚያ ቀን ከዕቃው ሁሉ ጠርቶ የተወለወለው ቀንዱ ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ፊታውራሪ ነጩን ጨርቅ አሳለፉ። ነጭ ሆኖ ወጣ፤ እንዲያውም ሲገባ ከነበረው ንጣቱ ባሰበት። አራዊቱ በእልልታ ጫካውን አናወጡት። እመት አህያ ብቻ አፍንጫዋን ነፋች። «ይገርማል፣ ገብስ ገብስ ይላል።»

የበሬ ታፋ ቀረበ። ከጅቦ ምራቅ ብዛት ሁለት ጉንዳኖች በጎርፍ ተወሰዱ። እጁን ሲዘረጋ ፊታውራሪ ያዙት።

«ቆይ እንጂ! በወጋችን ተሿሚ ሥጋ የሚቆርጠው ጠመንጃዋን ጉንጩ ላይ አስደግፎ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ከተኮሰ በኋላ ነው።»

ጥይት አቀበሉት። ሰደፉን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ጉንጩን አስጠጋ። ብረቱ ቀዘቀዘው። ያን ጊዜ የአህያዋ ቃል ትዝ አለውና ጉንጩን ከእሳት እንደሚያርቅ ሁሉ አሸሸ።

«ፊታውራሪ፣ ሰማዩ ደመና ነው። እንዳናስቀይመው ብዬ...»

«የምን ደመና?»

«እትዬ አህያ ለክብራቸው ቢተኩሱልንስ?»

«ሹመቱም ያንተ፣ ጉንጩም ያንተ!» አለች እመት አህያ።

ቀበሮን በዓይኑ ፈለጋት። ጢሟ በቅባት እያብለጨለጨ፣ ሌላ ቦታ ጉዳይ እንዳላት ሁሉ ወደ ቁጥቋጦው ታፈገፍጋለች። ሥጋውን አየ። መንጋጋውን ዳሰሰ። መንጋጋ የሌለው ጅብ ታፋ ቢቀርብለት ምን ያደርገዋል?

«ፊታውራሪ» አለ ድምፁ እንደ ጫጩት ቀጥኖ፣ «ጠመንጃዋ... ዱቄት ጎርሳለች።»

ፊታውራሪ አገሱ። «ወንዙ ያውልህ!»

«እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ ልወልውላት» አለ ጅቦ ተንበርክኮ። «እንዲሁ ትቻት ብሄድ ሌላው ሳያውቅ ይተኩሳል። የማንም ቢሆን ጉንጭ ጉንጭ ነው።»

ፊታውራሪ ዘንጉን በእግራቸው ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። ጅቦም የኋላዋን ብረት አወጣ፣ ውሃ አስፈላ፣ ዘንጉን ከኋላ ገፋ። መጀመሪያ ለአንድ ሠርግ የሚበቃ ሊጥ ወጣ። ቀጥሎ ጥቁር ጨርቅ፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ቀጥሎ ጥቁር። እንግዶቹ መብላት ጀመሩ። ጅቦ ጨርቅ ጥሎ ቀና ባለ ቁጥር ታፋው ጎድሎ ይጠብቀዋል። እንባውን በጨርቁ ጠርጎ ፊቱን ጥላሸት አደረገው፤ ግን ዘንጉን አልለቀቀም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨርቁ ነጥቶ ወጣ።

ፊታውራሪ በራሳቸው ጨርቅ ሞከሩት። ነጭ ነው። አሸተቱት። ገብስ የለም።

«ቅባቱስ?»

«እሱን እኔ ተቀባሁት ጌታዬ። በሆዴ በኩል።»

ፊታውራሪ ሳይወዱ ሳቁ። «ሹመቱ ቀርቶብሃል። ወንዙን ግን አትሻገርም። በል ተኩስ!»

ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰ። ጭሱ ሲበተን በመጀመሪያ ጉንጩን ዳሰሰ፤ ቀጥሎ ወደ ማዕዱ ዞረ።

«ሥጋውስ?»

«አልቋል። አጥንቱ አለልህ።»

አያ ጅቦ አጥንቱን አነሣና ቀጭ አደረገው። መንጋጋው በቦታው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለተመልካች ዓይን ብለን ላይ ላዩን ያነጣነው ሥራ፣ የመተኮሻው ቀን ሲደርስ የገዛ ጉንጫችንን አስጠጉ እንደሚለን ነው።