ገንፎውን ማን ይባርክ?

ተረት አለኝ። «እህ» እያላችሁ ስሙኝ፤ «እህ» ያላለ ገንፎ አይደርሰውም።

ሶስና የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ላሊሶ ከወላይታ መጥቶ በመንፈሳዊ ኮሌጅ ይማራል። ቤታቸው በኮሌጁ ግቢ ውስጥ ባለትዳር ተማሪዎች ከሚኖሩበት የቆርቆሮ መስመር ቤት አንዷ ክፍል ናት፤ ድስቱ ከግሪክኛው መዝገበ ቃላት ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ያድራል። ክፍሏ ለሦስት ሰው እንኳ ጠባብ ነበረች። ትናንት ደግሞ አራተኛው መጣ፤ ለሶስና ወንድም ተወለደላት።

እናቷ ታደለች ክፉኛ ነበር ያማጠችው። ቀኑን ሙሉ እሷ ክሊኒኩ ውስጥ ስትጨነቅ፣ የግቢው ሰው መስኮቱ ሥር ቆሞ እየጮኸ ሲጸልይላት ዋለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ተገላገለች፤ ዛሬ ጠዋትም ሕፃኑን ታቅፋ ቤቷ ገባች። ግን እህል የሚባል ነገር አፏ አልገባም ነበር። ጎረቤቷ እትዬ መሠለች ይህን አይተው የገብስ ገንፎ አገነፉላት። መሃሉን ጎድጎድ አድርገው፣ ቅቤና በርበሬ ሞልተው አልጋዋ አጠገብ አስቀመጡላትና ሊጠይቋት ለመጡት እንግዶች ሌላ ሊያገነፉ ወደ ማዕድ ቤት ተመለሱ።

ሶስና ያቺን የቅቤ ጉድጓድ አየቻት። አንድ ጣት ብቻ መንከር ፈለገች፤ እኔ ብሆን እስከ ክርኔ ነበር የምነክረው። እናቷ ግን መጀመሪያ እኔ፣ ከዚያ አንቺ፤ እኔም ሳይባረክ አልቀምስም፣ በቤታችን አባትሽ ነው የሚባርከው፣ ሂጂ ጥሪው አለቻት።

ሶስና ሮጠች። አባቷ በራፉ ላይ እንግዶቹን ያስተናግዳል።

«አባዬ፣ ገንፎውን ባርክልን። እማዬ ሳይባረክ አልቀምስም አለች፤ እኔም እማዬ ሳትቀምስ አልነካም።»

ላሊሶ ሊነሳ ብድግ አለና መልሶ ቁጭ አለ። እንግዳ ደጄ ተቀምጦ እኔ ብባርክ ሰው ምን ይለኛል፤ ጋሼ ኤልሳዕን ለምኚ አላት። ኤልሳዕ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ማይክ ከያዘ የሚያስለቅቀው የሌለ ሰባኪ ነው፤ ዛሬ ግን ጉድ ፈላ፣ ጨዋ ሆኗል።

«ጋሼ ኤልሳዕ፣ ገንፎውን ባርኩልን። አባዬ እንግዳ እያለ አልባርክም አለ፤ እማዬ ሳይባረክ አልቀምስም አለች፤ እኔም እማዬ ሳትቀምስ አልነካም።»

ኤልሳዕ አንገቱን ሰበረ። ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም፤ ፓስተር ጩፋሞን ለምኚ አላት። ፓስተር ጩፋሞ የእትዬ መሠለች ባል ናቸው። ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ሸብተው፣ በስተርጅና ደብተር ይዘው የመጡ ሰው ናቸው።

«ፓስተር፣ ገንፎውን ባርኩልን። ጋሼ ኤልሳዕ ታላቅ እያለ አልባርክም አሉ፤ አባዬ እንግዳ እያለ አልባርክም አለ፤ እማዬ ሳይባረክ አልቀምስም አለች፤ እኔም እማዬ ሳትቀምስ አልነካም።»

ፓስተሩ ፈገግ ብለው ራሷን ዳበሷት። እኔ እኮ እዚህ ተማሪ ነኝ፣ መምህሬ ተቀምጠው አፌን አልከፍትም፤ መምህር ናሆምን ለምኚ አሏት። ሶስና ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ ነበር የምትሮጠው፤ ለቅቤው የተዘጋጀችው ጣት እንዳትቆሽሽባት። እግረ መንገዷን ወደ ቤት ጎራ ብላ ገንፎውን ቃኘችው። ጭሱ ቀንሷል። እናቷ ዓይኗን ጨፍና ጋደም ብላለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ልጅቷ ፈራች፤ እማዬ ሳትበላ ብትሞትስ ብላ ነው የፈራችው። እየሮጠች ወጣች።

«መምህር፣ ገንፎውን ባርኩልን። ፓስተር መምህሬ እያሉ አልባርክም አሉ፤ ጋሼ ኤልሳዕ ታላቅ እያለ አልባርክም አሉ፤ አባዬ እንግዳ እያለ አልባርክም አለ፤ እማዬ ሳይባረክ አልቀምስም አለች፤ እኔም እማዬ ሳትቀምስ አልነካም።»

መምህር ናሆም የግሪክኛ መምህር ናቸው፤ ማሰብ ይወዳሉ። አሰቡ፣ አሰቡና እጇ ያገነፋ ትባርከው፣ ክብሩ የእሷ ነው፤ እትዬ መሠለችን ለምኚ አሏት። ስትሮጥ አይተውም ቀስ በይ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሏት። እንቁላሉስ ይሂድ። ገንፎ ግን ቀስ ሲሉት ይረጋል።

እትዬ መሠለች ላብ በላብ ሆነው ያማስላሉ።

«እትዬ፣ ገንፎውን ባርኩልን። መምህር ያገነፋ እያለ አልባርክም አሉ፤ ፓስተር መምህሬ እያሉ አልባርክም አሉ፤ ጋሼ ኤልሳዕ ታላቅ እያለ አልባርክም አሉ፤ አባዬ እንግዳ እያለ አልባርክም አለ፤ እማዬ ሳይባረክ አልቀምስም አለች፤ እኔም እማዬ ሳትቀምስ አልነካም።»

እትዬ መሠለች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ባሌ ተቀምጦ እኔማ አልባርክም፤ ፓስተርን ለምኚ!

ሶስና መሃል ግቢ ቆመች። ፓስተር ወደ መምህር፣ መምህር ወደ እትዬ፣ እትዬ ተመልሰው ወደ ፓስተር። የሚለመን ሰው አለቀባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወደ እናቷ ሮጣ አልጋው ላይ ተደፋችና እየተንሰቀሰቀች ነገረቻት። እትዬ ባሌ እያለ አልባርክም አሉ፤ መምህር ያገነፋ እያለ አልባርክም አሉ፤ ፓስተር መምህሬ እያሉ አልባርክም አሉ፤ ጋሼ ኤልሳዕ ታላቅ እያለ አሉ፤ አባዬ እንግዳ እያለ አለ፤ አንቺም ሳይባረክ አልቀምስም አልሽ፤ ቅቤው ረጋ!

ታደለች ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ያማታል። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። የልጇን ፊት በነጠላዋ ጠረገችና እንዲህ አለቻት፦

«ሂጂ፣ እንዲህ በያቸው። ትናንት ሳምጥ ‹እርስዎ ይቅደሙ› ሲባል አልሰማሁም። ሁላችሁም ባንድ አፍ ስትጮኹልኝ ነው የሰማሁት። እኔን ያበረታኝ እሱ ነው።»

ሶስና ወጥታ አንድም ቃል ሳታስቀር ነገረቻቸው። እትዬ መሠለች መማሰያቸውን እንደያዙ ከማዕድ ቤት ብቅ ብለው ባላቸውን ገላመጡ፤ ፓስተር መምህሩን አዩ፤ መምህሩ መሬት መሬቱን አዩ፤ ኤልሳዕ ላሊሶን በክርኑ ጎሰም አደረገው። ላሊሶ ተነስቶ «ጌታ ሆይ» አለና ድምፁ ተቆረጠ። ሚስቱን ትናንት ሊያጣት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባው። ያቆመበትን ኤልሳዕ አነሳ፣ ፓስተር ተከተሉ፣ መምህር ተከተሉ፣ እትዬ መሠለችም ባላቸውን ሳይጠብቁ ተከተሉ። ማን እንደ ጀመረ፣ ማን እንደ ጨረሰ አልታወቀም። ስለ እናቲቱ ተመስገን፣ ስለ ልጁ ተመስገን፣ ስለ ገንፎው ተመስገን፣ አሜን አሉ።

እነሱ ባረኩ፤ ገንፎው ተባረከ፤ እናት ቀመሰች። እትዬ ትኩስ ቅቤ ጨመሩበት። ታደለች ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰች፣ ፊቷ ወዝ አገኘ። ከዚያ ለልጇ «በይ ተራሽ ነው» አለቻት።

ሶስና ያቺን ጣቷን ቅቤው ውስጥ ነከረቻት። ወደ አፏ ስታመጣት ግን ቆም አለች። እናቷ ጉያ ውስጥ ወደ ተኛው ወንድሟ ጎንበስ ብላ፣ ሰዎቹን ሁሉ እንደሰማቻቸው፣ «አንተ ቅደም» አለችው።

እሱ ዝም አለ። ትንሽ ጠበቀችው፤ አሁንም ዝም አለ። በቃ፣ እሷ ቀደመች።

እኔም ተረቴን ጨረስኩ፤ አፌን ግን ገና አላበስኩም፤ ቅቤው ይጣፍጣላ።