ጭስ የሌላት መኪና

አቶ ጉልላት የሚባሉ አንድ ባለሥልጣን ነበሩ። ያረጀች መኪናቸው ስታልፍ አገር እንዲሰማላቸው ብለው የድምፅና የጭስ ማጣሪያዋን አስነቅለው ባዶ ቱቦ አስገጠሙላት። ከዚያ ወዲህ ድምጿ ጆሮ ይበጥሳል፤ ጭሷ ሰፈር ያጨልማል።

የዓመታዊ ምርመራው ጊዜ ሲደርስ ነጭ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ የተሰለፈውን ሾፌር ሁሉ አልፈው መኪናቸውን መርማሪዋ ፊት አቆሙ። እሷም ጎንበስ ብላ ቱቦውን ስታይ ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ምን ታያለሽ? ጭስ የላትም ብለሽ ፈርሚ!» አሏት። «አላት ካልሽ ውሸታም ብለሽ ሰድበሽኛልና ነገ እዚህ እንዳላገኝሽ!»

መርማሪዋ ብዙ ባለጊዜ አይታለች፤ የገዛ ጭሱን የሚክድ ግን ገና አሁን ማየቷ ነው።

«እሺ ጌታዬ፤ እርስዎ ካሉ የላትም» ብላ መሪው ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው ቱቦው ጋ ይቁሙልኝ፤ አንድ ጊዜ ነዳጅ ረግጬ እፈርማለሁ።»

ገና ቁልፉን ስትነካ አቶ ጉልላት ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ዘለሉና ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ሾፌሩ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

መርማሪዋ ሞተሩን ሳታስነሳ ወረደች።

«እኔማ ገና አፌን አልከፈትኩም፣ ጌታዬ» አለቻቸው። «ውሸታም ብሎ የሰደበዎት የገዛ እግርዎ ነው።»